የቪትዝ የኋላ አምፖል ወደ ኤልኢዲ ቢቀየር ያዋጣል? (አዳማ)

አዳማ ቪትዝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቪትዝ አለችኝ፤ አሮጌዋ፣ ኦቶማቲክ። ለሥራ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ብዙ ጊዜ የምመለሰው ከመሸ ነው። የኋላ አምፖል እያቃጠለች አስቸግራኛለች። የቀኙን ስቀይር የግራው ይሄዳል። ባለፈው ትራፊክ አስቁሞኝ "አንድ ዓይኗ ጠፍቷል እኮ" አለኝ። ደግነቱ በምክር ለቀቀኝ።

ፍራንኮ አካባቢ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ነበር። ልጁ ሦስት ዓይነት ኤልኢዲ ደረደረልኝ። አንዱ ነጭ ነው፤ ዙሪያውን በቢጫ ፍሬ (የሚያበራው ትንሽ ነጥብ ማለቴ ነው) የተሞላ። ሁለተኛው ቀይ ነው፤ ጫፉም ጎኑም ፍሬ አለው። ሦስተኛው ፍሬው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ ሌንስ አለችው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ልጁ "ነጩን ውሰድ። ሽፋኑ ራሱ ቀይ ነው፤ ነጭ ደግሞ ኃይለኛ ነው" ብሎኛል። ሳልገዛ ወጣሁ፤ መጀመሪያ እናንተን ልጠይቅ ብዬ።

የትኛው ይሻላል? ፍሬቻውንስ አብሬ ልቀይረው? የቀየራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ባጃጅ ነኝ

አቦ ምን ያስጨንቅሃል፣ ነጩን ግዛ! እኔ ባጃጄ ላይ ፍሬን ስይዝ ብልጭ ድርግም የሚለውን ነው ያስገጠምኩት። ማታ ገና ከሩቅ ነው የሚያውቁኝ። ደንበኛ ራሱ "ያ ዲስኮው" እያለ ነው የሚጠራኝ።

የጅቡቲ መስመር

ባጃጅ ነኝ፣ አትቀየመኝና እንዳንተ ያለውን ነው ማታ ማታ የምራገመው። እኔ ተሳቢ ነው የምነዳው። ከመተሃራ ወደ ወለንጪቲ ስመጣ ከፊቴ የሚታየኝ ቀይ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ቀይ ነገር የምፈልገው አንድ ወሬ ነው። ሰውየው እየሄደ ነው ወይስ እየያዘ? የሚርገበገብ ቀይ ሳይ ፍሬን ይሁን ፍሬቻ ይሁን፣ የተበላሸ ይሁን አላውቅም። እስካውቅ ድረስ ደግሞ ጭነት የያዘ ተሳቢ እንደ ቪትዝ ቀጥ አይልም።

ለጠያቂው፦ ኤልኢዲ አልጠላም። ግን ከተቀየረ በኋላ ፓርኪንጉና (ማታ ስትነዳ ሁልጊዜ የሚበራው ቀይ) ፍሬኑ አንድ ዓይነት የሆነባቸው መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል። ሁልጊዜ ፍሬን የያዙ ይመስላሉ። ከኋላ ያለ ሰው ለምዶ ይንቃቸዋል። የምር ሲይዙ ማን ያያቸዋል? ከሱ የድሮው አምፖል በስንት ጣዕሙ!

ጋሼ ፊውዝ

አዳማ ቪትዝ፣ ልጄ፣ ኤልኢዲውን ለጊዜው ተወው። አምፖሉ ለምን ያቃጥላል? መጀመሪያ እሱን እንወቅ። ጤነኛ መኪና ላይ የኋላ አምፖል እንዲህ ቶሎ ቶሎ አይሄድም። በሽታ ያለባት መኪና ላይ ኤልኢዲ ብትሰካ እሱም ይሄዳል፤ ልዩነቱ በውድ ዋጋ መሄዱ ነው።

የተቃጠለውን አምፖል ጥለኸዋል? ካልጣልከው አንሳና ወደ ብርሃን አድርገህ እየው። መስታወቱ ከውስጥ እንደ ጭስ ጠቁሮ ወይም ብርማ ሆኖ ከሆነ ቮልት በዝቶበታል። መስታወቱ ንጹህ ሆኖ ክሩ ብቻ ተበጥሶ ከተንጠለጠለ ንዝረት ነው። ወይ የአምፖሉ ማቀፊያ ላልቷል፣ ወይ የኋላውን በር በኃይል ነው የምትዘጋው። ውስጡ ነጭ ዱቄት ከሆነ ደግሞ መስታወቱ ተሰንጥቆ አየር ገብቶበታል።

ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ባትሪው ላይ አድርግ። ትንሽ ነዳጅ ስጠው። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየህ ደህና ነው። 15ን ካለፈ ግን የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን ልክ ላይ የሚይዘው ዕቃ) ለቋል። አምፖል ቮልት ሲበዛበት አይችልም። 5 ከመቶ ብቻ ብትጨምርበት ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ደግሞ "በእጅህ ነክተኸው ነው" የሚሉህን አትስማ። እሱ የፊት መብራት ሃሎጅን ላይ ነው የሚሠራው።

አዳማ ቪትዝ

ጋሼ ፊውዝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አምፖሉ ጓንት ማስቀመጫ ውስጥ ነበር። ውስጡ ጠቁሯል፤ ጥላሸት ነው የሚመስለው። ቴስተር ከጎረቤት ተውሼ ለካሁ። ቆሞ ሲሠራ 14.9፣ ነዳጅ ስሰጠው 15.3።

ጋሼ ፊውዝ

አየህ! አምፖል ሻጩ ነው ሲያተርፍብህ የኖረው። ሬጉሌተሩን አሠራ። ዲናሞው በሙሉ አይቀየርም፤ "ዲናሞ ነው" ብለው እንዳያስገዙህ። ሬጉሌተሩ ለብቻው ይሸጣል። ባትሪህንም እየው፤ በዚህ ቮልት ውሃው ሳይቀንስ አይቀርም።

ቾክና አቧራ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ኤልኢዲ ላይ ለምን እንደሚብስ ልጨምር። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ብዙ ካወራሁ ታገሱኝ።

ርካሽ የመኪና ኤልኢዲ ውስጥ የሚበዛው ሦስት ፍሬ በተከታታይ፣ ከፊታቸው አንድ ሬዚስተር (ከረንት የሚገታ ዕቃ) ነው። አንድ ነጭ ፍሬ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። ሦስቱ 9 ይወስዳሉ። የተረፈው ሬዚስተሩ ላይ ይወድቃል። ባትሪው 13.5 ሲሆን ትርፉ 4.5 ነው። በአንተ 15.3 ትርፉ 6.3 ይሆናል። ቮልቱ በትንሹ ነው የጨመረው፤ በፍሬው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ግን 40 ከመቶ ገደማ ጨመረ። ፍሬው ይግላል። ኤልኢዲ ሲግል ብርሃኑ ይደክማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በአዳማ የቀን ሐሩር የተዘጋ መብራት ውስጥ ሆኖ ደግሞ አስቡት።

አሁን ስለ ቀለሙ። ልጁ "ነጭ ይደምቃል" ያለው እጅ ላይ ይዘኸው ከሆነ እውነት ነው። ቀይ ሽፋን ውስጥ ስታስገባው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነጭ የምንለው ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ፍሬ ላይ ቢጫ ዱቄት ተቀብቶ ነው ነጭ የሚመስለው፤ ሱቅ ውስጥ ያየኸው ቢጫ እሱ ነው። ቀይ ሽፋን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጠዋል። ቀዩን ብቻ ያሳልፋል። በዚያ ነጭ ውስጥ ደግሞ ቀዩ ጥቂት ነው። የድሮው አምፖል ክር ግን የጋለ ሽቦ ስለሆነ ብርሃኑ በቀይ የበለጸገ ነው። ለዚህ ነው አምፖል ከቀይ ሽፋን ኋላ ሲያምር፣ ነጭ ኤልኢዲ ሮዝ ሮዝ የሚለው።

ቀይ ኤልኢዲ የሚሰጠውን ብርሃን ቀዩ ሽፋን ከሞላ ጎደል ያሳልፈዋል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ከቀይ ሽፋን ኋላ ቀይ፣ ከብርቱካናማ ኋላ ብርቱካናማ፣ ከነጭ ኋላ ነጭ። ለነገሩ ቀይ ኤልኢዲ ከሰማያዊው ቀድሞ የመጣ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 እ.ኤ.አ. ነው በዓይን የሚታየውን የመጀመሪያ ቀይ ኤልኢዲ የሠራው። ሰማያዊው አስቸግሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ፤ የሠሩት ሦስት ሰዎችም በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት። የሱቁ ልጅ በኖቤል ነው ሊያጠምድህ የነበረው።

ባጃጅ ነኝ

መምህር፣ ነጩ ደብዛዛ ነው እያልከኝ ነው? የኔ ሽፋን ላይ ያለው እኮ ያበራል።

ቾክና አቧራ

ያበራል፤ ሽፋንህ የደበዘዘና የነጣ ከሆነ ጭራሽ ይበልጥ ያበራል። ጥያቄው ቀይ ነው ወይ ነው። ከኋላ ነጭ ወይ ሮዝ የሚያሳይ ተሽከርካሪ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል።

የወንጂ ልጅ

እኔ ኮሮላ ላይ ቀይሬያለሁ። ቀዩን ነው የገዛሁት፤ ፓርኪንግና ፍሬኑ አሪፍ ነው። ጣጣው ፍሬቻው ነው። ብርቱካናማ ኤልኢዲ ሳስገባበት ፍሬቻው ቀጭቀጭቀጭ ብሎ ይሮጣል። ሱቁ ውስጥ "ሬዚስተር ግጠምበት" ብለው ወርቃማ ነገር ሸጡልኝ። 6 ኦም 50 ዋት ይላል። ገና አልገጠምኩትም። ይሠራል?

ጋሼ ፊውዝ

ይሠራል። ግን ምን እየሠራህ እንደሆነ እወቅ።

ፍሬቻው የሚሮጠው ተበላሽቶ አይደለም። ፍላሸሩ (ፍሬቻውን የሚያብለጨልጨው ዕቃ) ከረንት ይቆጥራል። 21 ዋት አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይወስዳል። ኤልኢዲው የዚያን ጥቂቱን ነው የሚወስደው። ፍላሸሩ "አንድ አምፖል ተቃጥሏል" ይላል፤ ሾፌሩ እንዲያውቅ ይፈጥናል። ለዚሁ ነው የተሠራው።

ያ ወርቃማ ሬዚስተር ፍላሸሩን ማታለያ ነው። ከኤልኢዲው ጎን ለጎን ይታሰርና ልክ እንደ አምፖል ከረንት ይበላል። 14 ቮልት በ6 ኦም ሲካፈል 2.3 አምፔር ነው። በዋት 33 ይጠጋል። ብርሃን አይሰጥም፤ ሁሉም ሙቀት ነው። መኪና ተበላሽቶ አራቱንም ፍሬቻ አብርተህ ለረጅም ጊዜ ብትቆም እጅ አያስነካም። ከፕላስቲክ ወይም ከሽቦ ጥቅል ጋር በናስትሮ ጠቅልለው የሚያስሩ አሉ፤ ይቀልጣል፣ ከዚያም የከፋ ይመጣል። የግድ ካልክ ላሜራ ላይ በብሎን እሰረው፤ ከሽቦና ከምንጣፍ አርቀው።

የተሻለው ለኤልኢዲ የሚሆን ፍላሸር መግዛት ነው። የድሮውን ከዳሽቦርድ ሥር አውጣና የእግሩን ብዛትና አቀማመጥ አይተህ ግዛ። እግሩ ሦስት የሆነም ስምንት የሆነም አለ። ይሄኛው ከረንት አይቆጥርም፤ በራሱ ሰዓት ነው የሚመታው። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ፍሬቻ ቢጠፋ መኪናው አይነግርህም።

የኔን ምክር ከጠየቅኸኝ ፍሬቻውን በአምፖሉ ተወው። ፓርኪንግ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ ፍሬን በየደቂቃው ይበራል። ፍሬቻ ስንቴ ይበራል? እዚህ ከተማ ውስጥ ጭራሽ የማያበራውም ብዙ ነው።

የጅቡቲ መስመር

ሃሃ፣ ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ወድጃታለሁ።

ፍራንክፈርት ያለሁ

ከሩቅም ቢሆን ልግባ። እዚህ ጀርመን ለአምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ልዩ ፈቃድ የሌለው ኤልኢዲ መሰካት ክልክል ነው። ለፊት መብራት ኦስራም የሚባለው አምፖል አምራች በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ ኤልኢዲ አስፈቅዷል፤ እሱም ዝርዝር ውስጥ ላለ የመኪና ሞዴል ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ካልሆነ ምርመራ አታልፍም። ክልከላው ለጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። የመብራቱ ውስጥ መስታወት (ብርሃኑን የሚያንጸባርቀው) የተሠራው ለክሩ ቦታ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ከወጣ መስታወቱ የት እንደሚበትነው አያውቅም።

ትዕግስት አለቀ

እናንተ ጀርመን ላይ የታርጋ ቁጥር ሳይቆሽሽ ነው የምትነዱት። እኛ ጋ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሽፋኑ ላይ ለጥፎት ነው የሚያድረው። ኤልኢዲም ግዛ አምፖል፣ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ካልጠረግከው ሁሉም ከንቱ ነው።

ለማንኛውም ፍራንክፈርት ያልከው የገባኝ እንዲህ ነው፤ ፍሬው ጫፉ ላይ ብቻ ያለውና ሌንስ ያለው ኤልኢዲ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያበራው ማለት ነው? መስታወቱ ጋ አይደርስም?

ፍራንክፈርት ያለሁ

በትክክል፣ እህቴ። ቀጥ ብሎ ከኋላ ላለ ሰው ይወጋል። ከጎን ለሚመጣ ግን ጨለማ ነው። ሽፋኑ በሙሉ መብራቱ ቀርቶ መሃሉ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ይታያል። ጎኑም ጫፉም ፍሬ ያለው ይሻላል፤ በተለይ ፍሬዎቹ የድሮው ክር በነበረበት ቁመት ላይ ከሆኑ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ይዞ ማየት ነው።

ቾክና አቧራ

የጅቡቲ መስመር ወዳነሳው ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። የኋላው አምፖል ላይ "12 ቮልት 21/5 ዋት" የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ውስጡ ሁለት ክር አለው። ወፍራሙ 21 ዋት ለፍሬን፣ ቀጭኑ 5 ዋት ለፓርኪንግ። በዋት ካየነው ፍሬኑ አራት እጥፍ ነው። በብርሃን ግን አራት እጥፍ አይደለም። ደረጃው በሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ወደ 440 እና ወደ 35 ነው። አሥራ ሁለት እጥፍ ይሆናል! ትልቁ ክር ይበልጥ ስለሚግል ለእያንዳንዱ ዋት የሚሰጠው ብርሃን ይበዛል።

የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መብራት ደንብም እንዲሁ ያራርቃቸዋል። ፓርኪንግ ቢያንስ 4 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው)፣ ፍሬን ቢያንስ 60። ብዙ ርካሽ ኤልኢዲ ላይ ግን ፓርኪንጉን ለማሳመር ብለው ከፍ ያደርጉታል። ፍሬን ስትይዝ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ያምራሉ። መንገድ ላይ ግን ልዩነቱ ነው ወሬ የሚነግረው።

የኤልኢዲ ጥቅምም አለ፤ እውነቱ ይነገር። የአምፖል ክር እስኪግል 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኤልኢዲ ወዲያው ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚከተልህ ሰው በዚያች 0.2 ሰከንድ 5.5 ሜትር ይጓዛል። ቪትዝ ቁመቷ 3.6 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቪትዝ ተኩል መሆኑ ነው። እኔ ኤልኢዲ ብገዛ የምገዛው ለዚህ ነው፤ ለነዳጅ ቁጠባ አይደለም።

ባጃጅ ነኝ

መምህር ክላስዎ ስንት ሰዓት ነው፣ ልምጣ እንዴ?

ቾክና አቧራ

ና፤ ባጃጅህን ግን ውጭ አቁመው፣ ልጆቹ ዲስኮ ያዩና ትምህርት ይቀራል።

አዳማ ቪትዝ

ሬጉሌተሩ ተቀይሯል። አሁን 14.2 ነው የሚያሳየው፤ ነዳጅ ስሰጠውም አይንቀሳቀስም። ጋሼ እንዳሉት "ዲናሞ ቀይር" ያለኝ ጋራዥ ነበር። ሌላ ጋ ሄድኩ።

ከሱቁ ቀዩን፣ ጎኑና ጫፉ ፍሬ ያለውን ወሰድኩ። ልጁን "ካልሆነ እመልሳለሁ" ብዬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። እንዴት ነው የምሞክረው? ሁለቱንም ጎን ላስገባ?

ጋሼ ፊውዝ

አንድ ጎን ብቻ አስገባ። ሌላው በአምፖሉ ይቆይ፤ ማወዳደሪያህ እሱ ነው።

የኋላውን በር ክፈት። መብራቱ በአብዛኛው በሁለት ብሎን ነው የሚያዘው፤ ቶዮታ ስለሆነ 10 ቁልፍ ይበቃሃል። ብሎኖቹን ፈትተህ ወደ ኋላ ቀስ ብለህ ሳበው። ወደ ጎን አትጠምዝዘው፤ የፕላስቲኩ ጥርስ ይሰበራል። ማቀፊያውን ሩብ ዙር አዙረህ አውጣ።

አምፖሉን ስታወጣ ታችኛውን እየው። ባለ ሁለት ክሩ ጎኑ ላይ ሁለት ጥርስ አለው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። በአንድ በኩል ብቻ እንዲገባ ነው። በግድ አታስገባው። አንዳንድ ቶዮታ ላይ ደግሞ ጥርስ የለውም፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ተጭነህ ነው የምታስገባው። እንዲህ ዓይነቱ ኤልኢዲ ካልበራ አገላብጠህ ስካው። አምፖል ፕላስና ማይነስ አይለይም፤ ኤልኢዲ ይለያል።

ማቀፊያው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ካየህ በብርጭቆ ወረቀት ጥረገው፤ ባትሪውን ፈትተህ ነው ግን። ግራውንዱንም (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን ማይነስ ሽቦ) እየው። ፍሬን ስትረግጥ የዳሽቦርድህ መብራት ፈዘዝ ብሎ ከበራ፣ ወይም አንደኛው ፓርኪንግ ከጠፋ፣ ግራውንድ የለህም ማለት ነው። ከረንቱ መውጫ ሲያጣ በሌላኛው ክር ዞሮ ይመለሳል። ያን ሳታስተካክል ኤልኢዲ ብታስገባ እንደ ጋኔን በየቦታው ይበራል፣ ከዚያ "ኤልኢዲ ቀሽም ነው" ትላላችሁ።

የጅቡቲ መስመር

ሙከራውን እኔ ልንገርህ። ሁለት ጊዜ ነው የሚታየው፤ ቀን ፀሐይ ላይና ማታ። ሰው ከኋላህ ሠላሳ ሜትር ይቁም። ፓርኪንግ አብራ። ከዚያ ሳትነግረው ፍሬን ያዝ፣ ልቀቅ፣ ቆይተህ ያዝ። እጁን ያውጣ። በአምፖሉ ጎን ቶሎ አይቶ በኤልኢዲው ጎን ከተጠራጠረ መልሰው። ከዚያ ወደ ጎን ይሂድ፤ ባጃጅና ጋሪ ከሚመጣበት በኩል ይቁምና ድገሙት። ጋሪ ራሱ መብራት የለውም፤ ቢያንስ ያንተን ይየው።

አዳማ ቪትዝ

አደረግነው። ወንድሜን ከኋላ አቆምኩት።

ቀን ላይ፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ፀሐዩ ሽፋኑ ላይ እያረፈ፣ የኤልኢዲው ፍሬን ከአምፖሉ ቀድሞ ታየው። እጁን ሲያወጣ እንኳ ያስታውቃል። ማታ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። በፓርኪንግ ኤልኢዲው ከአምፖሉ በጣም ይደምቃል፤ ሽፋኑ ላይ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ፍሬን ስይዝ ይጨምራል፣ ግን የአምፖሉን ያህል አይዘልም። ወንድሜ ሁለቴ እጁን ሳያወጣ ቀረ፤ ሁለቱንም ጊዜ የኤልኢዲውን ጎን ብቻ እያየ ሳለ ነው።

መለስኩት። ልጁ ቃሉን ጠበቀ። ሌላ ሱቅ ፈልጌ ከዚህ ዋጋው ከፍ ያለ ቀይ አገኘሁ። እሱ በፓርኪንግ ጭምት ነው፤ ከአምፖሉ ጋር ጎን ለጎን ብዙም አይለይም። ፍሬን ስይዝ ግን ቦግ ይላል! ወንድሜ አንዴም አላመለጠውም። ከጎንም ታየው። ሁለቱንም ጎን አስገብቼዋለሁ። ፍሬቻው በአምፖሉ ነው።

የወንጂ ልጅ

እኔም ወርቃማውን ሬዚስተር ልመልሰው ነው። ይቀበሉኝ ይሆን?

ጋሼ ፊውዝ

ካልተቀበሉህ ለኔ አምጣው፣ ለሙከራ እፈልገዋለሁ።

ትዕግስት አለቀ

ከዚሁ ሳንወጣ፣ ነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገቡት ኤሌክትሪኮቹ ኤልኢዲ ይዘው ነው የሚመጡት። የነሱ ሲጠፋ ሙሉ መብራቱ ነው የሚቀየረው አሉ። እኛ አምፖል መቀየር መቻላችንም እድል ነው።

ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። የታርጋውንና የኋላ ማርሹን መብራትስ? ደግሞ ሦስተኛው፣ የኋላ መስኮት ላይ ያለው ፍሬን?

ቾክና አቧራ

ታርጋና ኋላ ማርሽ ሽፋናቸው ነጭ ስለሆነ ነጭ ኤልኢዲ ይሆናቸዋል። የታርጋው 5 ዋት ነው፣ በጣም ደማቅ አትግዢ፤ ቁጥሩን አጥቦ ያጠፋዋል። አንድ ነገር ብቻ አስተውዪ። አንዳንድ መኪና ላይ የፓርኪንግ አምፖሉ ከታች ባለ ነጭ መስኮት ታርጋውን ጭምር ያበራል። እዚያ ቀይ ኤልኢዲ ካስገባሽ ታርጋው ቀይ ይሆናል።

ጋሼ ፊውዝ

የኋላ ማርሹን በደስታ ቀይሪ። ብዙ ኮሮላና ቪትዝ ላይ ኋላ ማርሽ ለስሙ ነው የሚበራው፤ ማታ ወደ ኋላ ስትነጂ ጥቅሙን ታዪዋለሽ።

ክረምት ሲገባ ግን መብራቶቹን እየከፈትሽ እያቸው። አምፖል ሲግል የገባውን እርጥበት ያደርቀው ነበር። ኤልኢዲ አያደርቅም። በመብራቱ ዙሪያ ውሃ የሚከላከለው ጎማ ካረጀ ሽፋኑ ከውስጥ ያልበዋል፤ አቧራው ደግሞ ጭቃ ይሆንበታል። ጎማውን በአዲስ ተኪ። ታች በኩል ውሃ የምትወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ካለች በሲሊኮን አብራችሁ እንዳትደፍኗት፤ ስንቱ ጋ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ፍሬን ፓርኪንግ የለውም፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ስለዚህ የሚያምታታ ነገር የለውም፣ ቀይ ኤልኢዲ ይስማማዋል። እንዲያውም በጀት የሚያንሰው ሰው እሱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን በአምፖል ቢተው አልቃወምም። አንዳንዱ ግን ሽፋኑ ነጭ ሆኖ አምፖሉ ነው ቀይ የተቀባው። ከፍተሽ ሳታዪ አትግዢ።

ትዕግስት አለቀ

የኔ ሽፋኑ ቀይ ነው። ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። እናመሰግናለን ጋሼ።